እጅ ለመሪ፤ ጆሮስ ለማን?

አውቶሞቢልና ቴሌፎን ወደ አገራችን የገቡት በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ መንግሥት በመጀመሪያ የቴሌፎኑን ሽቦ ዘርግቶ አዲስ አበባን ከሐረር አነጋገረ፤ ቀጥሎም በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አልፎ፣ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መሣሪያዎች ዘጠና ዓመት ያህል እየተከባበሩ፣ ነገር ግን ሳይቀራረቡ ኖሩ። ቴሌፎን በግድግዳና በጠረጴዛ ላይ፣ መኪና በመንገድ ላይ ሆነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር። መነጋገር የፈለገ ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ቴሌፎን ያለበትን ቤት ይፈልጋል እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሹ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። ስልኩ ከዋና ከተማው ወደ ክፍለ አገር፣ ከቢሮ ወደ ገበያ፣ ከባለሥልጣን ኪስ ወደ ሾፌር ኪስ ወረደ። እነሆ ዛሬ ሁለቱ የቆዩ እንግዶች በአንድ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለ አቀማመጣቸው መነጋገር የሚያስፈልገው አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሻማ በመሆኑ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ የምትገኘውን አገው ግምጃ ቤትን እንመልከት። አገሩ ደጋ ነው፤ ድንቹና ገብሱ የታወቀ ነው፤ ፈረሱም እንደዚሁ። ከዚህ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ፣ ከእንጅባራም በዋናው ጎዳና ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው ሚኒባስና አይሱዙ የሚያገኘው መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። ፈረሰኛው፣ ባለ ጋሪው፣ በግ የሚነዳው ልጅ፣ ከገበያ የሚመለሰው እግረኛና ባጃጁ ሁሉ ይጋሩታል። ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው በእንጅባራ አካባቢ በክረምት ጠዋት ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፊት ያለው ፈረስ የሚታየው አጠገቡ ከደረሱ በኋላ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ሾፌር ስልኩን ዘግቶ ይንዳ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። ባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ለማወቅ ይደውላል። ነጋዴው ድንቹ ተጭኖ እንደ ሆነ ይጠይቃል። በመንገድ ዳር የቆመው ተሳፋሪ ወንበር እንዲያዝለት ይለምናል። አንዳንድ ጊዜም ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል የምትሄድበት መኪና ይፈለጋል። እንግዲህ ስልኩ ለሾፌሩ መጫወቻ ሳይሆን የእንጀራው አንድ ክፍል ሆኗል። ስለዚህም ብዙው ሾፌር ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ቀርቅሮ፣ አንገቱን አጣምሞ፣ በአንድ እጁ መሪ በሌላው ማርሽ ይዞ ሲነዳ ይታያል። አንገቱ የተጣመመ ሰው በስፖኪዮ ማየት እንደማይችል ለማስረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ለዚህ ችግር የተፈጠረው መፍትሔ ስልክን በእጅ ሳይዙ ማነጋገሪያ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ በሴይንት ሉዊስ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመኪና ቴሌፎን አገልግሎት ሲከፈት መሣሪያው 36 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ዕቃ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ስልኩን ከመሣሪያው ጋር ያለ ሽቦ የሚያገናኘው ብልኃት ብሉቱዝ ይባላል። በ1994 በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች የተጀመረ ሲሆን፣ ስሙ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ንጉሡ የተለያዩ ሕዝቦችን አንድ አድርጓል ስለሚባል፣ የተለያዩ መሣሪያዎችን ለሚያገናኝ ብልኃት ስሙ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

መሣሪያው በልዩ ልዩ ዓይነት ይገኛል። የመጀመሪያው በጆሮ የሚሰካው ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጆሮን ስለሚደፍን የኋላውን ጥሩምባና የጋሪውን ቃጭል ያስረሳል። ሁለተኛው በጸሐይ መከላከያው ላይ የሚቆነጠጥና በራሱ ባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ነው። ሦስተኛው በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካውና የስልኩን ድምፅ በኤፍ ኤም ሞገድ ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚያስተላልፈው ነው፤ ይህ አሮጌ ሬዲዮ ላለው መኪና ይስማማል። አራተኛውና የተሻለው ከመኪናው ሬዲዮ ጋር አብሮ የተሠራው ወይም በሽቦ ተያይዞ በቋሚነት የሚገጠመው ነው። ይኸኛው ስልክ ሲጠራ ዘፈኑን ራሱ ዝም ያሰኛል፤ ድምፁም የጠራ ነው።

ገዝቶ መሰካት ብቻ ግን በቂ አይደለም። በአገጣጠሙ ላይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የኮረንቲው ኃይል ነው። ቶዮታ ሚኒባስና የቤት አውቶሞቢል የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። አይሱዙ ኤንፒአርን የመሰሉ የጭነት መኪናዎች ግን ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ የሚሰጠውን 24 ቮልት ይጠቀማሉ። በላዩ «12–24» የሚል ጽሕፈት የሌለበትን ዕቃ በአይሱዙ ላይ የሰካ ሰው ወዲያው ያቃጥለዋል። አንዳንድ ሠራተኞች ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ስበው ይገጥማሉ። ይህ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ ሌላው ከመጠን በላይ እየሞላ ስለሚሄድ በመጨረሻ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ማስገባት ነው።

ሁለተኛ፣ ሽቦው የሚቀጠልበት ቦታ ነው። በብዙ ሬዲዮኖች ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኮረንቲ አለው፤ ቀዩ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ይነሣል፤ ጥቁሩ ማሳ ነው። ሆኖም አሮጌ መኪና በብዙ እጅ ያለፈ ስለሆነ ቀለሙን ከማመን በመፈተሻ አምፑል ማረጋገጥ ይሻላል። ኮረንቲው ከቁልፉ ጋር እንዲነሣና እንዲጠፋ ሆኖ ካልተገጠመ መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሲጠጣ ያድራል። በደጋ አገር በብርድ ጠዋት የናፍጣ ሞተር ማስነሣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ሾፌር ይህን ማስጠንቀቂያ አይንቅም። በመስመሩ ላይም ተመጣጣኝ ቫልቮላ መግባት አለበት። ቫልቮላው ሲቃጠል በሽቦ ጠቅልሎ መመለስ ከጋቢናው ውስጥ እሳት እንደ መጋበዝ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ የማይክራፎኑ ቦታ ነው። በብዙ ሚኒባሶች ሞተሩ ከፊተኛው ወንበር ሥር ስለሆነ ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጎ የገጠመ ሾፌር ለደዋዩ የሚያሰማው ቃሉን ሳይሆን የሞተሩን ጩኸት ነው። ከመስኮት ነፋስና ከድምፅ ማጉያው ርቆ፣ በጸሐይ መከላከያው አጠገብ፣ ከሾፌሩ አፍ ትይዩ ቢሆን መልካም ነው። ድምፁ ከተሰማ ሾፌሩ አይጮኽም፤ «ሃሎ! ሃሎ!» እያለም አይደጋግምም። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ ለመስማት የሚታገል ሰው ለመንገዱ የሚተርፈው ሐሳብ ጥቂት ነውና።

አራተኛ፣ ስልኩ ራሱ የሚቀመጥበት ነው። መያዣው የመንገዱን እይታ መጋረድ የለበትም። የአየር ከረጢት ባለው መኪና ላይ በመሪው መካከልም ሆነ በክሩስኮቶው ላይ ከረጢቱ በሚወጣበት ስፍራ ምንም ነገር መለጠፍ አይገባም፤ በግጭት ጊዜ ከረጢቱ ሲፈነዳ የተለጠፈውን ዕቃ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። በኤፍ ኤም የሚሠራው መሣሪያም ጣቢያ በሌለበት ሞገድ ላይ መስተካከል አለበት። በባሕር ዳር አካባቢ በ96.9 ላይ ያደረገው ሰው ከጣቢያው ጋር ሲሻማ ይውላል። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚስተካከለው መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ እንጂ በጉዞ ላይ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እጅ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአእምሮ ጉዳይ ነው።

በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ግጭት የደረሰባቸውንና ስልክ የነበራቸውን 699 ነጂዎች መርምረው ውጤቱን በ1997 አሳትመው ነበር። እያነጋገሩ መንዳት ለግጭት የመጋለጥን ዕድል አራት እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ አገኙ። ብዙ ሰው ያስደነቀው ግን ሌላው ነገር ነው፤ ስልኩን በእጃቸው ያልያዙትም ከያዙት ይልቅ ደኅና ሆነው አልተገኙም። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ምርመራዎችም ምክንያቱን ገለጡ። በስልክ የሚነጋገር ነጂ ዓይኑ ወደ መንገዱ ቢያይም ያየውን አያስተውልም። ዓይን ያያል፤ ልብ ግን ሌላ አገር ነው። አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጋር የሚጨዋወት ነጂ እንደዚህ የማይሆነው ተሳፋሪው መንገዱን አብሮ ስለሚያይ ነው፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርሱ ዝም ይላል፣ ወይም «ተጠንቀቅ!» ይላል። እንጅባራ ቤቱ ተቀምጦ የደወለ ሰው ግን ከመኪናው ፊት በግ መግባቱን ከየት ያውቃል?

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሰላምታችን ነው። «ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡ እንዴት ነው?» ሳይባባሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ይኑርልን። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ሰላምታው ግማሽ ደቂቃ ከፈጀ፣ ዋናው ጉዳይ ገና ሳይነሣ 500 ሜትር መንገድ በግማሽ ልብ ተነዳ ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ የመጣለትን መልእክት ለማንበብ አምስት ሴኮንድ ዓይኑን ያነሣ ደግሞ ከ110 ሜትር በላይ በጭፍን ነድቷል። በዚያ ርቀት ውስጥ ስንት በግ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ጋሪ ሊያቋርጥ እንደሚችል የአገሩ ሰው ያውቃል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ስልክ በእጅ ይዞ እየተነጋገሩ መንዳትን ከጥፋት ቆጥሮ ቅጣት ወስኖበታል፤ ሕጉም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ቅጣቱ ግን እጅን እንጂ ልብን አይቆጣጠርም። የትራፊክ ፖሊስ የሾፌሩን ሐሳብ በመስኮት ሊያየው አይችልም። በዓለም በያመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው ሪፖርት ይናገራል። ከእነዚህ ሙታን ብዙዎቹ እግረኞችና እንደ እኛ ያሉ አገሮች ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መሣሪያውን መግጠም መልካም ነው፤ ስልክን በትከሻ ቀርቅሮ ከመንዳት ይሻላልና። ነገር ግን መሣሪያው የመነጋገር ፈቃድ ሳይሆን የማሳጠሪያ መንገድ መሆን አለበት። «እየነዳሁ ነው፤ ስደርስ እደውላለሁ» ለማለት ሦስት ሴኮንድ ይበቃል። ነገሩ ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ሰፊ ቦታ ፈልጎ፣ ከመንገዱ ወጥቶ፣ ፍሬን ይዞ መነጋገር ነው። በጉም፣ በኩርባ፣ በቁልቁለት፣ በገበያ ቀንና በከተማ መካከል ግን ጨርሶ አለመመለስ ይገባል።

የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር ደግሞ ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጥ ሀብት አለው፤ እርሱም ረዳቱ ነው። ረዳቱ ስልኩን ተቀብሎ ወንበር መኖሩን ይናገራል፣ የባለንብረቱን ጥያቄ ይመልሳል፣ አስቸኳይ ከሆነም መኪናው እንዲቆም ያደርጋል። ይህ ሽቦም ባትሪም ቫልቮላም አያስፈልገውም። ባለንብረቶችም መኪናቸው በጉዞ ላይ መሆኑን እያወቁ ሾፌሩን በስልክ ባያስጨንቁ የሚጠቅሙት ራሳቸውን ነው፤ የተገለበጠ መኪና ገቢ አያስገባምና። ቤተሰብም «እየነዳህ ነው?» ብሎ መጠየቅን የሰላምታው መጀመሪያ ቢያደርገው ምንኛ መልካም ነበር!

ተሳፋሪውም ዝም ማለት የለበትም። ብዙ ሰው ሾፌሩ ሲያወራ እያየ «ምን አገባኝ» ብሎ ወይም አፍሮ ይቀመጣል። «ወንድሜ፣ ስልኩን ለረዳቱ ስጠው» ማለት ስድብ አይደለም። በአንድ መኪና የተሳፈረ ሁሉ የአንድ ሰው ዓይን ተካፋይ ነው።

ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። የግምጃ ቤት ጠባቂ ቁልፉን ለጠራው ሁሉ አይሰጥም። በስንት እናትና ልጅ፣ በስንት ገበሬና ተማሪ የተሞላውን መኪና የሚነዳ ሾፌርም እንደዚሁ የግምጃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ቁልፉም ሐሳቡ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፣ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። ስለዚህ ሾፌሩ እጁን ለመሪው፣ ልቡን ለመንገዱ ይስጥ፤ ጆሮውን ደግሞ ለደረሰበት አገር ያቆየው።