የልጅዎን ጥም አቅልለው አይመልከቱ

ልጅዎ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አልረካ ቢል፣ ሌሊት ሽንት ደጋግሞ ቢያስነሳው፣ እየበላም ቢከሳ ምን ያስባሉ? ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ማክሰኝት ያለች እናት «የበጋው ሙቀት ነው» ብላ ልታልፈው ትችላለች። ነገር ግን ይህ የአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በሽታው ጣፋጭ በመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ወገንን ከጠላት መለየት ተስኖት፣ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚከሰት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈው የኢንሱሊን መርፌ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሐኪሞች የተሳሳተውን የመከላከያ ኃይል ገታ አድርገው የቀሩትን ሕዋሳት ለማትረፍ እየሞከሩ ነው። ቴፕሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት በሆነና በሽታው ከታወቀባቸው ከስድስት ሳምንት ባልበለጠ 328 ልጆች ላይ ተፈትኖ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። መድኃኒቱን በደም ሥር ለ12 ቀናት፣ ሁለት ዙር የወሰዱት ልጆች ኢንሱሊን የማምረት አቅማቸውን ካልወሰዱት በተሻለ ጠብቀዋል። ይሁንና ከመርፌው አልተላቀቁም።

በእኛ አገር ሌላም ጥያቄ አለ። የጎንደሯ ሐኪም ዶክተር ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሕሙማን ድሆችና ከሲታ መሆናቸውን ገልጸው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ እንደገና እንዲጤን ጠይቀዋል። የበሽታው መንስኤ ይህ ከሆነ የመከላከያ ኃይልን መግታት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ የበሽታውን ዓይነት አስቀድሞ በምርመራ መለየት ያስፈልጋል።

እስከዚያው በእጅዎ ያለውን ያድርጉ። ምልክቱን እንዳዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስደው ደሙንና ሽንቱን ያስመርምሩ። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ ከታየበት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መርፌው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልጁ ሊያገግምና የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ሊቀንስ ይችላል። ይህ የቀሩት ሕዋሳት ለጊዜው ስላገገሙ እንጂ በሽታው ስለጠፋ አይደለም። «ድኗል» ብሎ መርፌውን ማቋረጥ ልጁን ለሞት ያጋልጣል። ጸበል ቢወስዱትም ኢንሱሊኑ አይለየው። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት መድኃኒቱን ውሃ እንዳይነካው አድርገው፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው ያኑሩት።

አዲሱ መድኃኒት ነገ ማክሰኝት ቢደርስ እንኳ የሚጠቅመው በጊዜ ለተመረመረ ልጅ ነው። ያንን ጊዜ የምታተርፈው ደግሞ ከሁሉ በፊት እናት ናት።