ርካሽ የደኅንነት ካሜራ እና የማስረጃ ዋጋው

መግቢያ

የደኅንነት ካሜራ ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች ብቻ የሚገዙት ዕቃ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ዛሬ አራት ካሜራ ከነመቅረጫውና ከነገመዱ በአንድ ካርቶን ተጠቃሎ ይሸጣል። ገዢው በአብዛኛው የሚጠይቀው ዋጋውንና የምስሉን ጥራት ነው። ይሁን እንጂ ካሜራ የሚተከለው ጉዳት በደረሰ ዕለት «ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱ የሚገኘው ከመሣሪያው ውድነት ይልቅ ከአተካከልና ከአያያዝ መሆኑን በቀላል ስሌት ያስረዳል። ለማሳያ ያህል አራት ካሜራና 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያለው አነስተኛ ሱቅ እንውሰድ። ሱቁ የዕቃ ቆጠራ የሚያደርገው በወር አንድ ጊዜ ነው እንበል።

ማየትና መለየት

አንድ ሰው እንዳለፈ ማየትና ማንነቱን መለየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የማይታወቅን ሰው ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል፣ አስቀድሞ የሚታወቅን ሰው ለማወቅ ደግሞ 125 ፒክስል እንዲኖር እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ መክሯል። በአግድም 1920 ፒክስል ያለው ካሜራ የመጀመሪያውን መመዘኛ የሚያሟላው የሚያየው ስፍራ ከ7.7 ሜትር ገደማ ሳይሰፋ ነው። ሌንሱ በ90 ዲግሪ የሚያይ ከሆነ ይህ ስፋት የሚገኘው ከካሜራው 3.8 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ባሻገር ያለው እንግዳ ሰው ቢታይም ላይለይ ይችላል። ይህም በቂ ብርሃን ባለበት ሁኔታ ነው፤ በጨለማ ርቀቱ ይበልጥ ያጥራል። ካሜራው ከጣሪያው ሥር በቁሙ ወደ ታች ከተመለከተ ደግሞ የሚቀርጸው ፊትን ሳይሆን አናትን ነው።

ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ካሜራ በጠባብ እይታ በመግቢያው በር ላይ ማነጣጠር አለበት። ጠባብ እይታ ሌላም ጥቅም አለው። በቼክ ሪፐብሊክ አንድ የቤት ባለቤት የተከለው ካሜራ የቤቱን መስኮት የሰበሩ ተጠርጣሪዎችን ለመለየት አስችሎ ነበር። ሆኖም ካሜራው የሕዝብ መተላለፊያውንና ፊት ለፊት ያለውን ቤት ጭምር ይቀርጽ ስለነበር ጉዳዩ ወደ ሕግ ክርክር አመራ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያለው ቀረጻ የቤተሰብ የግል ጉዳይ ብቻ ሊባል እንደማይችልና የዳታ ጥበቃ ሕጉ እንደሚመለከተው አረጋግጧል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ካሜራውን ከጎረቤት ደጅ መልሶ ወደ ራስ በር ማዞር ለማስረጃውም ለሕጉም ይበጃል።

የማከማቻ ስሌት

ካሜራው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢያስተላልፍ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። አራቱ ካሜራዎች በድምሩ 86.4 ጊጋባይት ይሆናሉ። በዚህ ስሌት 1 ቴራባይት ዲስክ በ12 ቀን ገደማ ይሞላል፤ ከዚያም መቅረጫው አሮጌውን ምስል እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፍበታል። በወሩ መጨረሻ ቆጥሮ ዕቃ የጎደለበት ባለሱቅ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት የሆነውን ፈልጎ አያገኝም። ኤች.265 የተባለው የምስል መጭመቂያ ከቀደመው ኤች.264 ጋር በተቀራራቢ ጥራት የዳታውን መጠን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዲስኩ 23 ቀን ይይዛል። ዲስኩ 2 ቴራባይት ቢሆን 46 ቀን ይደርሳል። ሌላው አማራጭ ቆጠራውን በየሳምንቱ ማድረግ ነው፤ ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

መቅረጫው የሚቀመጥበት ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። በገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ከተተወ ሌባው ማስረጃውንም ይዞ ይሄዳል።

መብራትና ሰዓት

እያንዳንዱ ካሜራ 5 ዋት፣ መቅረጫው 10 ዋት ቢፈጅ በድምሩ 30 ዋት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በስሌት ደረጃ ይህን ለ2.8 ሰዓት ያህል ይሸከማል፤ በተግባር ግን የኃይል ብክነትና የባትሪው ማርጀት ጊዜውን ያሳጥሩታል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ በቂ አይደለም።

ከዚህ ይበልጥ የሚዘነጋው ሰዓት ነው። የመቅረጫው ውስጣዊ ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ይዛባሉ። ትክክል ቢሆን እንኳ መሣሪያው ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ ካለፈው ቀን ጋር ይቆጠራል። ባለሱቁ «መስከረም 5 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ቃሉን ቢሰጥና ለመስከረም 6 አጥቢያ ማለቱ ቢሆን፣ በመቅረጫው ላይ የሚገኘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2024፣ 02:00 በሚል ነው። በ15ኛው ቀን የሚፈልግ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

የይለፍ ቃል

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ካሜራዎችን፣ መቅረጫዎችንና ራውተሮችን በብዛት ተቆጣጠረ። መሣሪያው የረቀቀ ዘዴ አልነበረም፤ ባለቤቶቹ ያልቀየሯቸውን 60 ገደማ የፋብሪካ መለያና የይለፍ ቃሎች መሞከር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ዳይን በተባለው ኩባንያ ላይ በተከፈተው ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያላቸው መሣሪያዎች እንዳይሸጡ ከልክላለች። ሕጉ በሌለበት ኃላፊነቱ የገዢው ነው፤ ቃሉን በተከላው ዕለት መቀየርና ለተካዩ ባለሙያም አለመተው።

ማጠቃለያ

ርካሽ ካሜራ በራሱ ደካማ ማስረጃ አይደለም። በር ላይ በትክክል ከተነጣጠረ፣ ዲስኩ ከቆጠራው ጊዜ በላይ ከያዘ፣ ሰዓቱ ከተስተካከለና የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ የሚፈለግበትን ሊሰጥ ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ስርቆት እስኪደርስ መጠበቅ አያሻም። ባለሱቁ በየወሩ አንድ ያለፈ ቀንና ሰዓት መርጦ የዚያን ጊዜ ምስል ይፈልግ፣ በፍላሽም ይገልብጥ። ምስሉ ካልተገኘ ወይም ፊቱ ካልተለየ ጉድለቱን ለማረም ገና ጊዜ አለው።