በአሮጌ ቮልስ ከወረታ እስከ ጨጨሆ

ከአባት ወይም ከአጎት የተረፈ ቮልስዋገን የሚነዱ ተማሪዎች በመካከላችን አልጠፉም። ትምህርት ሲዘጋ አራት ሆነው የቤንዚኑን ያዋጡና ወደ እስቴ፥ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ጋይንት ይነሣሉ። ከጉዞው በፊት የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህች አሮጌ መኪና በረጅም መንገድ ላይ ሳትጨነቅ እንድትሄድ በጥቂት ብር ምን ይደረግላት?

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ምክር በብዛት ስለ ካምቢዮ ነው። ረዘም ያለ ማርሽ ቢገባ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ጥቂት ዙር እየዞረ፥ ድምፁም ቀንሶ ይሄዳል ይባላል። ለምሳሌ የ1200ው ቮልስ የመጨረሻ የማርሽ ምጣኔ 4.375 ነው፤ የ1500ው ደግሞ 4.125። ሁለተኛው ቢገጠም የሞተሩ ዙር ከመቶ 6 ያህል ይቀንሳል። ምክሩ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን የተጻፈው ለሜዳ አገር ነው።

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፥ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጎዳና፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር ቻይናውያን የሠሩት ነው፤ የቻይና መንገድ መባሉም ስለዚህ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር 2,700 ያህል ነው። መንገዱ ክምር ድንጋይን አልፎ በጉና ሥር ይዞርና ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 በላይ ሆኗል። (ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ መንገዱን እየጠረጉ ስለ ነበር ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። እኛ ስለ ሰዓት እንነጫነጫለን።)

እንግዲህ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላልና፥ በባሕር ወለል ላይ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1200 ሞተር እዚያ ላይ ወደ 24 ይወርዳል። በሜዳ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ የሳሳው አየር መኪናውን የሚገታውም በዚያው ልክ ቀንሶ ነውና። ክብደት ግን ከፍታ አያውቅም። አራት ሰው ከነጓዙ የጫነ ቮልስ 1,050 ኪሎ ግድም ይመዝናል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚያሻቅብ ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 14 የፈረስ ጉልበት ይጠፋል። ጎማው፥ ነፋሱና ካምቢዮው የሚወስዱት ሲጨመር 22 ይሆናል። በ80 ለመውጣት ግን 30 ያህል ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የለም። ስለዚህ ረዥም ማርሽ ያስገባ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ይጎተታል። በሦስተኛ ማርሽ በ50 እና በ60 መካከል መውጣት የመኪናው ተፈጥሮ ነው፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባ ቢነፋም ማሳለፍ ነው።

ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ የሚገባው ለካርቡራቶሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለማይቀንስ ቅልቅሉ ይወፍራል፤ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፥ ቤንዚንም ያባክናል። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት በቂ ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቅልቅሉ ወፍሯል፤ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከነጣ ቀጥኗል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ላይ ሆና በደንብ የተስተካከለች መኪና ግን እምብዛም ለውጥ አያስፈልጋትም። ለነፋስ መውጫ ተብሎ እጅግ ከጠበበ፥ ወደ ወረታ ሲወረድ ቅልቅሉ ይቀጥንና ሞተሩ ይግላል፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭም ይቃጠላል። ቫልቩ ከተቃጠለ በኋላ በጥቂት ብር የሚባል ነገር የለም።

ቮልስ ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አይወስድም። በአሮጌዎቹ ላይ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላስቲክና ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ በዚያ ክፍተት የጋለው አየር ተመልሶ ወደ ቬንትሌተሩ ይገባል። ላስቲኩን መተካት የጥቂት ሰዓት ሥራ ሲሆን ከብዙ ውድ ዕቃ ይልቅ ይጠቅማል። ቺንጋውን በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት፤ ትርፍ ቺንጋም መያዝ ነው። በመንገድ ላይ የጄኔሬተሩ ቀይ መብራት ከበራ «እስከ ሚቀጥለው ከተማ» ማለት አይገባም፤ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ነው።

ነጻ የሆነም አለ። ባዶውን ፖርቶ መጋላ ከጣሪያው ማውረድ ምንም አያስከፍልም፤ በሜዳ ላይ በ80 ሲኬድ ከሚወጣው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚበላው አየሩ ነውና። ጎሚስታው አራቱንም ጎማ እኩል 35 ቢሞላ እሺ አትበሉ። የቮልስ ክብደት ከኋላ ስለሆነ ለራዲያል ጎማ ፊት 18፥ ኋላ 27 ይበቃል፤ ነፋስ መውጫም ስሟን በከንቱ አላገኘችምና ፊቱ የጠነከረ ቮልስ እዚያ ላይ በነፋስ ይዋልላል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር። ሁላችንም የምናወራው ስለ ዳገቱ ነው፤ ሰው የሚሞተው ግን በቁልቁለቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ዘይት በረዥም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፥ ፔዳሉም ሳይገታ ወለል ይነካል። ዘይቱን መለወጥ ከሚገዛው ሁሉ ርካሹ ነው። አብረው የሚሄዱት ሦስቱ የቤንዚን ከማዋጣታቸው በፊት ይህ መደረጉን ይጠይቁ። ከጉና ወደ ደብረ ታቦር፥ ከዚያም ወደ ወረታ ሲወረድ ዳገቱን በወጣንበት ማርሽ መውረድ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ካለ ወርዶ አውቶቡስ መጠበቅ ይሻላል።

ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም በአርብ ገበያ በኩል ወደ ወገዳ ለሚሄድ ደግሞ አቧራው አለ። በዘይት የሚያጣራውን የአየር ማጣሪያ ከመነሣት በፊትና ከደረሱ በኋላ ከፍቶ ማጠብ፥ ዘይቱንም እስከ ምልክቱ ድረስ መሙላት ያስፈልጋል።