ቤዝ ጊታር አፍ ሲያወጣ፤ የትኛው ፔዳል ይገዛ?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ፤ ማንም ሳያያችሁ ቢሆን ይመረጣል። ከንፈራችሁን አሞጥሙጡና «ኡ» እያላችሁ፣ ድምፁን ሳታቋርጡ ቀስ ብላችሁ አፋችሁን ክፈቱ። «ኡዋ» አለ አይደል? ከጉሮሯችሁ የወጣው ድምፅ ያው አንድ ነው። የተለወጠው የአፋችሁ ቅርፅ ብቻ ነው። አፍ ሲሞጠሞጥ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፤ ሲከፈት ይለቀቃል። ኤንቨሎፕ ፊልተር የሚባለው ፔዳል ለቤዝ ጊታር የሚሠራለት ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። አፍ ይሆነዋል፣ በቃ!

ስሙ መቼም ያደናግራል። ኤንቨሎፕ ሲባል እኛ የምናውቀው ደብዳቤ የሚከተትበትን ፖስታ ነው። የድምፅ ሰዎች ግን በዚህ ቃል የሚጠሩት ሌላ ነገር ነው። አንድ ኖታ ከተመታበት ጊዜ አንስቶ እስኪሞት ድረስ ጉልበቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ያ አወጣጥና አወራረድ ነው ኤንቨሎፕ የሚባለው። ፔዳሉ ይህን ጉልበት ይለካል። ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት አፉን ብርግድ ያደርጋል፤ በስሱ ስትነኩት ገርበብ ብቻ። በእግር ወደፊትና ወደኋላ ከሚረገጠው ዋህ ዋህ ፔዳል የሚለየውም በዚሁ ነው። ያኛውን የሚያዘው እግር ነው፤ ይህኛውን ጣት። አንዳንድ ሰው «አውቶ ዋህ» ይለዋል። ግን ጠንቀቅ በሉ፤ በዚህ ስም ከሚሸጡት መካከል ጣታችሁን ጭራሽ ሳይሰሙ በራሳቸው ጊዜ የሚከፍቱና የሚዘጉም አሉ።

ድምፁ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ማይክ ቤይግል የሚባል ሰው ጊልድ ለተባለው የጊታር ኩባንያ ሲንተሳይዘር ሲሠራ ቆይቶ ሥራው መሃል ላይ ቀረበት። ሰውየው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከጅምሩ ማሽን ውስጥ ፊልተሩን ነጥሎ አወጣና ፔዳል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙ-ትሮን 3 ተባለ። በ1973 ስቲቪ ዎንደር «ሃየር ግራውንድ» በተባለው ዘፈኑ ላይ ክላቪኔት የሚሉትን ኪቦርድ በዚህ ፔዳል አሳልፎ ተጫወተ። በቤዙ በኩል ደግሞ ስሙን ያስጠራው ቡትሲ ኮሊንስ ነው፤ ያ የኮከብ ቅርፅ ያለው ጊታር ይዞ፣ የኮከብ መነጽር አድርጎ የሚታየው ሰውዬ! ገና በወጣትነቱ ከጀምስ ብራውን ጋር ተጫውቷል፤ ከዚያ ወደ ፋንካዴሊክ ገባ። ቤዙ የሚያጉተመትም፣ የሚያዛጋ፣ አንዳንዴም የሚያሾፍ የሚመስለው በዚህ ፔዳል የተነሳ ነው።

የሙ-ትሮን ምስጢር ደግሞ ደስ ይላል። ሆዱ ውስጥ ትንሽ መብራት አለች። ክሩን ስትመቱ መብራቷ ትደምቃለች፤ ብርሃን የሚሰማ ሌላ ዕቃ አጠገቧ ሆኖ ፊልተሩን ይከፍታል። ይህ ዕቃ ብርሃኑ ሲጠፋ ወዲያው ድርግም ብሎ አይዘጋም፤ ትንሽ ይዘገያል። ያ መዘግየት ነው ድምፁን የሚያለሰልሰው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ቤዝ ተጫዋች «እባክህ አማክረኝ» አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ማታ ከአንድ ባንድ ጋር ይሠራል። ከጊታር ተጫዋች ጓደኛው አንዱን ፊልተር ተውሶ ቤቱ ሲሞክረው እብድ ሆነ፤ ልቡ ጠፋ! ቅዳሜ መድረክ ላይ ረገጠው። በመጀመሪያው ዘፈን ድራመሩ ዞር ብሎ አየው። በሁለተኛው ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ቤዝ መደገፍ ጀመረ። ሲጨርሱ የባንዱ መሪ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ቤዙ የት ሄደ?» ልጁ ሲነግረኝ ፊቱ ልክ አልነበረም። መሪው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤዝ ተጫዋች «ለሙከራ» እንደሚጠራ ሰምቷል። በዚያ ላይ የአክስቱ ልጅ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። ያጠራቀመው ብር ለአንድ ፔዳል ይበቃል፤ በሻንጣዋም ከአንድ በላይ ቦታ የለም። «ልተወው ወይስ ላስመጣ? ካስመጣሁስ የቱን?»

ጥፋቱ የጣቱ አልነበረም። እነዚህ ፔዳሎች በብዛት ሦስት ዓይነት አሠራር አላቸው። ሎው ፓስ የሚባለው ወፍራሙን ድምፅ አሳልፎ ቀጭኑን ያግዳል። ሃይ ፓስ ተቃራኒው ነው። ባንድ ፓስ መሃሉን ብቻ አሳልፎ ከላይም ከታችም ይቆርጣል። ለጊታር ባንድ ፓስ ማለት ማር ነው፤ ጊታር ታች ብዙ የሚያጣው ነገር የለም። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር ግን በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ የባለ አምስቱ ወደ 31 ይወርዳል። ባንድ ፓስ ይህን መሬት ጠራርጎ ይወስደዋል። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ አይታወቃችሁም፤ ጆሮ በ«ዋው ዋው»ው ይማረካል። ድራም ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው። ቤዝ የነበረበት ቦታ ባዶ!

ስለዚህ ፔዳል ስታማርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ድምፁ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ታቹን ይተውልኛል ወይ?» ነው። ታቹን የማትረፊያው መንገድ ሁለት ነው። ወይ በሎው ፓስ መጫወት፣ ወይ ደግሞ ያልተነካውን የቤዝ ድምፅ ከተጣራው ጋር ማደባለቅ።

በማደባለቁ በኩል ኤም ኤክስ አር ኤም 82ን የሚያህል ቀላል አላየሁም። ለቤዝ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ሣጥን ነው፤ አምስት ማዞሪያ አለው። ሁለቱን አስቡ፤ «ድራይ» ያልተነካው ቤዛችሁ ነው፣ «ኤፍ ኤክስ» የተጣራው። ልክ እንደ ሻወር ሙቅና ቀዝቃዛውን ለየብቻ ከፍታችሁ ትመጥናላችሁ። ድራይን ለቀቅ ካደረጋችሁት መሬቱ የትም አይሄድም፣ ዋውታው ከላይ ይጫወታል። የቀሩት ሦስቱ ምን ያህል ጣታችሁን እንደሚሰማ፣ አፉ በምን ፍጥነት እንደሚዘጋና ድምፁ ምን ያህል እንደሚሾል የሚወስኑ ናቸው። ጉድለት አለው? አለው። አሠራር መቀየሪያ የለውም። አንድ ጠባይ ነው ያለው፣ እሱን ከወደዳችሁት ወደዳችሁት ነው።

የቡትሲን ወዝ ለሚፈልግ ግን ኪው ትሮን ይቀርባል። ያው ማይክ ቤይግል በ1990ዎቹ ከኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ጋር ሆኖ የሠራው ስለሆነ የሙ-ትሮን ልጅ ብትሉት ያስኬዳል። ትልቁ፣ ኪው ትሮን ፕላስ የሚባለው፣ ሦስቱንም አሠራር ይዞ በተጨማሪ «ሚክስ» የሚል አለው፤ እሱ ያልተነካውን ድምፅ ይጨምርላችኋል። አፉ ወደ ላይ እንዲከፈት ወይም ወደ ታች እንዲዘጋ መምረጥ ይቻላል። ሌላ ፔዳል የሚሰካበት መውጫና መግቢያም አለው። ዲስቶርሽን እዚያ ከሰካችሁ ድምፁ ይሻክራል፣ ፊልተሩ ግን የሚሰማው ንጹሑን ጣታችሁን ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዲስቶርሽን ከፊት ከገባ ጠንካራውንም ደካማውንም ምት አንድ ስለሚያደርገው ፊልተሩ ይደናገራል።

ታናሽዬው ማይክሮ ኪው ትሮን ይባላል። ሦስቱ አሠራር አለው፤ ሚክሱ ግን የለም። ልጃችን የተዋሰው ይህንኑ ነበር፤ ያውም ጓደኛው ባንድ ፓስ ላይ እንደተወው! ማዞሪያውን ወደ ሎው ፓስ ቢመልሰው ኖሮ የባንዱ መሪ ይህን ያህል ባልተቆጣ ነበር።

ቤዝቦልስ ከዚያው ኩባንያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነው። ሁለት ፊልተር አንድ ላይ ይሠሩበታል፤ ድምፁ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ ይመስላል። የምታስተካክሉት ነገር እምብዛም የለም። ወይ ትወዱታላችሁ ወይ ትሸጡታላችሁ። የስዊድኑ ኢ ቢ ኤስ ቤዝ አይኪው ለቤዝ ተጫዋች በቤዝ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ሾል ያለ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይሰጣል። ጨዋ ፔዳል ነው፤ ለእኔ ትንሽ ጨዋነቱ በዝቷል።

ሙግ ኤም ኤፍ 101? እሱ ሌላ ነው። ከ1998 እስከ 2018 የተሠራ፣ ጎንና ጎኑ እንጨት የሆነ፣ ግማሽ ሻንጣ የሚሞላ ሎው ፓስ ፊልተር። ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው፤ ሻጮቹም ዋጋውን ያውቁታል። ድምፁ ግን ወፍራም ሲንተሳይዘር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሬዞናንስ የሚለውን ማዞሪያ ወደ ላይ በገፋችሁት ቁጥር የታችኛው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ሎው ፓስ ስለሆነ ታቹን አይነካም ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ኪሳችሁ ለዚህ ሁሉ የማይበቃስ? እንደ ዙም ቢ 1 ያሉት ብዙ ኢፌክት በአንድ ሣጥን የያዙት ፊልተርም አላቸው። ጣዕሙ አይደርስም፤ ነገር ግን ይህን ድምፅ በእውነት እንደምትፈልጉት ወይስ የአንድ ሰሞን ፍቅር እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል።

ለልጁ የነገርኩት ኤም 82ን እንዲያስመጣ ነው። ባንዱ ውስጥ ያለው ቦታ ገና የሚንገዳገድ ሰው መጀመሪያ መሬቱን ይያዝ። ቦታው ከጸና በኋላ ኪው ትሮን ፕላስ ይደርሳል።

የገዛችሁ ደግሞ ስሙኝ። ማዞሪያዎቹን ከመነካካታችሁ በፊት ጣታችሁን አስተካክሉ። «ሴንስ» ወይም «ድራይቭ» ወይም «ጌይን» የሚለውን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በመካከለኛ ምት ሲጫወቱ አፉ ግማሽ እስኪከፈት ብቻ ጨምሩ። ጥግ ድረስ ከለቀቃችሁት ፔዳሉ አንዴ ተከፍቶ ይቀራል፤ ዋውታ የለም፣ ጩኸት ብቻ። ኮምፕረሰር ያላችሁ ከፊልተሩ ፊት አታስቀምጡት። ኮምፕረሰር ጠንካራውንና ደካማውን ምት ያስተካክላል፤ ፊልተሩ ደግሞ የሚኖረው በልዩነታቸው ነው። ከኋላ ሲሆን ግን ይጠቅማል፤ ድንገት የሚተኩሰውን ድምፅ ገታ አድርጎ ስፒከራችሁን ያድናል። ኦክታቨር ካለ ከፊት ይሁን።

ምቱም ይወስናል። በችክችካ ላይ ኖታው ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ አፉ ካልፈጠነ ሳይዘጋ ሌላው ይደርስበታል፤ ስለዚህ መዝጊያውን አፍጥኑት። እንደ ትዝታ ባለ ረገብ ያለ ዘፈን ግን አዘግዩት፤ አንዷ ረጅም ኖታ እንዴት እንደምታለቅስ ትሰማላችሁ። በአንድ ምሽት ሁለት ዘፈን ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ሰው ይሰለቻል፣ አራተኛው ላይ ዘፋኙ ያኮርፋል።

በመጨረሻ የመብራቱ ነገር። ከአሜሪካ የመጣ አዳፕተር ብዙ ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ጀርባው ላይ «100-240» የሚል ከሌለው አትሰኩት! ማይክሮ ኪው ትሮንና ኤም 82 የሚፈልጉት 9 ቮልት ነው። ኪው ትሮን ፕላስ ግን 24 ቮልት ይፈልጋል። መሰኪያቸው ሊመሳሰል ስለሚችል በጨለማ መድረክ ላይ የ24ቱን 9 ወደሚፈልገው ብትሰኩ የወራት ቁጠባችሁ በአንድ ሽታ ያልቃል። አዳፕተሮቹ ላይ የተለያየ ቀለም ፕላስተር ለጥፉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ባትሪ የሚቀበለውን በራሳችሁ አዲስ ባትሪና በራሳችሁ ቤዝ ሞክሩት። አንዴ በስሱ፣ አንዴ በኃይል ምቱ፤ ልዩነት ካላሰማ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።