ሎሚው ዝም ያለበት ቦታ

ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካለ አንድ ድርጅት፣ የአር ኦ ውሃ ማጣሪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ፕሬዠሩ ወጣ፣ ውሃው ወረደ» አለኝ። በእኛ ሥራ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ጨውን የሚያስቀረው ሜምብሬን ተደፍኗል። በምን ተደፈነ የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው።

እሱንም መንገድ ላይ ሳለሁ ጨርሼዋለሁ። የዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ እሳተ ገሞራ በተፋው ዐለት ውስጥ ስለሚያልፍ ሲሊካና ፍሎራይድም አያጣም። ማሽኑም የተገዛው በፍሎራይዱ ምክንያት ነበር። ከ100 ሊትር 75ቱን ንጹሕ አድርጎ ሲያወጣ፣ የመቶው ሊትር ማዕድን ከሞላ ጎደል በቀረው 25 ሊትር ውስጥ ይታጨቃል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። የሜምብሬኑ ገጽ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እናም «ኖራ ነው፤ ሲትሪክ አሲድ አዘጋጅ» ብዬ በስልክ አዘዝኩት።

አሲዱን ግማሽ ቀን አዞርነው። ፍሰቱ ንቅንቅ አላለም፤ በማግስቱ እንዲያውም ወረድ ብሎ አደረ።

በመጨረሻ ከጫፍ ያለውን ሜምብሬን አወጣን። ውሃው እየወፈረ ሄዶ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ ኖራም መጀመሪያ የሚጥለው እዚያ ነው። ከባድ ነበር፤ ድንጋይ የያዘ ሜምብሬን ገና ሲያነሱት ይታወቃል። ባለቤቱን አስፈቅደን በመጋዝ ሰነጠቅነው። የፕላስቲክ መረቡን ስገልጠው ግን የጠበቅኩት ነጭ ቅርፊት የለም። ቀዝቅዞ የሰነበተ የሻይ አተላ የመሰለ ቡናማ ልጋግ ተለስኖበታል። በጣት ሲዳስሱት ከሥሩ ይሻክራል። ልጁ ከምሳው የተረፈች ግማሽ ሎሚ ነበረችውና ጠብ አደረግንበት። ዝም። ልጋጉን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ እዚያው ላይ ደገምኩ። ተንቸሰቸሰ፤ አረፋ አወጣ።

ኖራ ነው ማለቴ ስህተት አልነበረም። የተሳሳትኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ያ ቡናማ ነገር በአብዛኛው ከበሰበሰ ቅጠልና ሣር የሚመጣ ሂዩሚክ አሲድ ነው። ሂዩሚክ በኮስቲክ ሶዳ ይሟሟል፣ በአሲድ ግን ይረጋል። እኔ አሲድ ሳዞርበት የዋልኩት፣ ከሥሩ ላለው ኖራ ክዳን ሳጠብቅለት ነው። እንዲህ ሲደራረብ መጀመሪያ በኮስቲክ፣ ከዚያ በአሲድ እንደሚታጠብ መመሪያው ላይ ተጽፏል። አላነበብኩትም ልል አልችልም።

ቡናማው ከየት መጣ? ለካ የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሽቶ ለሳምንታት የሐይቅ ውሃ ሲቀላቅሉ ከርመዋል። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። ያው ሂዩሚክ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ እስካለ ድረስ ወዳጃችን ነው። የኖራ፣ ማለትም የካልሲየም ካርቦኔት፣ ቅንጣት የምታድገው ጠርዟ ላይ ሌላ እየተደረበ ነው፤ ሂዩሚኩ እዚያ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ እድገቷን ያዘገየዋል። በውድ ዋጋ የምንገዛው የኖራ መከላከያ፣ አንቲስኬላንትም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ ውሃውን በብርጭቆ ይዞ የሚሞክር ሰው ሂዩሚክ ያለበት ኖራውን ዘግይቶ ሲጥል ያያል፤ ደስ ብሎትም ይሄዳል። ሜምብሬኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ካልሲየሙን ይይዛል፤ ካልሲየሙ ደግሞ አንዱን ሞለኪውል ከሌላው እያያያዘ ልጋጉን ያወፍረዋል። ከሐይቅ አልጌ የሚወጣው ሙጫማ ነገርማ ካልሲየም ሲያገኝ እንደ ጄሊ ነው የሚረጋው። ከሜምብሬኑ ገጽ ወደ ፍሰቱ መመለስ የነበረበት ጨው በልጋጉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ኖራው ከዚህ የተመቸ አልጋ ከየት ያገኛል?

ይህን ደግሞ የላብራቶሪው ወረቀት አይነግርዎትም። ኖራ ይጥላል አይጥልም ብለን የምናሰላበት ቀመር፣ ዊልፍሬድ ላንግሊየር በ1936 እ.ኤ.አ. ካወጣው የተወለደ ነው። ፒኤች፣ ካልሲየም፣ አልካሊኒቲ፣ ሙቀትና የሟሟ ጨው ይጠይቃል። ስለ በሰበሰ ቅጠል አይጠይቅም። በሰውየው አይፈረድም፤ ያሰበው ስለ ብረት ቧንቧ ነበር፤ ሜምብሬኑ ገና አልተሠራም። እኛ ግን ቁጥሩ ደህና ነው ብለን ፊርማችንን እናኖራለን።

ልጁ «በረኪና ብንጨምርበትስ?» አለኝ። ሐሳቡ ቂል አይደለም፤ በረኪና ልጋጉን ይበላል። ችግሩ ሜምብሬኑንም መብላቱ ነው፤ ፖሊአማይድ ክሎሪን አይችልም። ኮስቲኩን በፒኤች 12 አካባቢ፣ ለብ አድርገን አዞርን። የመጀመሪያው ባልዲ ቡና መስሎ ወጣ። ጠራ እስኪል ደጋገምነው፤ ከዚያ አሲዱ ገባ፤ ፍሰቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ጫፍ ላይ ያሉትን መቀየር ግድ ሆነ። አካባቢው የሚታወቅበት ሲሊካ ቢሆን ኖሮ ያም ባልተሳካልን።

ከዚያ ወዲህ የናሙና ቅጼ ላይ «የውሃው ምንጭ በዚህ ወር ተቀይሯል?» የሚል መስመር በእጄ ጨምሬአለሁ። ኦርጋኒክ ካርቦን የሚለካ ላብራቶሪ ባጣሁ ጊዜ ውሃውን በነጭ ባልዲ አስቀድቼ መልኩን አያለሁ። ሳይንስ ነው አልልም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ልጁ ደወለ። ፓምፑ እንደገና ተበላሽቷል። ካርትሪጅ ፊልተሩ ምን መልክ አለው አልኩት። «ሻይ ነው፣ ጋሼ፤ ያውም ወፍራም ሻይ።» 75ቱን ወደ 65 አውርደው፣ የአሸዋ ማጣሪያው ላይ አሉሙን አስተካክል፣ ኮስቲኩን ከአሲዱ ፊት አስቀምጥ አልኩት። ባለቤቱ በከንቱ ስለሚፈሰው ውሃ ማታ እንደሚደውልልኝ አውቄ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁት።