ጨው የሌለው ውሃ ሞተር አይጎዳም?

ተረት፦ «ይሄ ባሕር አይደለም፤ ሐይቁ ጨው የለውም። ሞተሩ ምንም አይሆንም፣ ዝም ብለህ ንዳው።»

ከቆቃ እስከ ላንጋኖ ጀልባ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። የባሕር ውሃ ብረት የሚበላበት ፍጥነት ከዝዋይ ውሃ ጋር አይወዳደርም፤ ምጽዋ ላይ ከየጉዞው በኋላ ሞተሩን በንጹህ ውሃ ካላጠቡት ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። እኛ ጋ ግን ጀልባ ሐይቅ መሀል የሚያስቀረው በአብዛኛው ዝገት አይደለም።

እዚህ የሚበዛው ከኋላ የሚሰቀል ሞተር ነው። ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ሆኖ እግሩ ብቻ ከኋላ ወደ ውሃ የሚወርድ የጀልባ ዓይነትም አለ። በሁለቱም ውሃ ውስጥ የሚገባው እግር ማርሽ፣ ኩሽኔታና ዘይት የያዘ ድፍን ካምቢዮ ነው። በፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል ዘይቱን ከሐይቁ የሚለየው ቀጭን የጎማ ማገጃ ነው። የዝዋይ ቆሮሶ የሚያዘው በመረብ ነው፤ የተቀደደ የናይለን ክር ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ እየጠበቀ ሄዶ ያንን ጎማ ይቆርጠዋል። ቆቃ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 መኖሩ የታወቀው እምቦጭ አለ፤ ከክሩ ጋር ሲጠላለፍ ለመፍታት ቢላ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ፊዚክስ ነው፦ ሲሠራ የጋለው እግር ሞተሩ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በተቆረጠው ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ጨው ኖረውም አልኖረውም፣ ውሃ የገባበት ዘይት ማርሹን አያድነውም።

ዝዋይ ዳር፣ ባቱ ላይ እንዲህ ሆኖ የተከፈተ እግር አይቻለሁ። የማርሹ ጥርስ ተልጧል፣ ኩሽኔታው በዝገት ቀልቷል። ለባለቤቱ የተነገረው «እሱ የታሸገ ነው፣ አይነካም» የሚል ነበር። አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ዘይት ባለመቀየሩ ሙሉ ካምቢዮ ገዛ። ገንዘቡስ ይተካል። ዝዋይ ውስጥ ቱሉ ጉዶ ደሴት ለሚኖር የዛይ ቤተሰብ ግን ጀልባ መንገዱ ነው፤ እናት ሕፃን አዝላ፣ እህል ጭና ትሳፈርበታለች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ፣ መቅዘፊያ ባልተያዘበት ጀልባ ላይ ማርሹ ሲበላ ምክሩን የሰጠው ሰው እዚያ የለም። ሞተር እየሸጡ ይህን ቃል አብረው የሚሸጡ ሰዎችን መታገሥ የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። ጀልባው አድሮ ከቆመ በኋላ የእግሩን የታችኛውን ቡሎን በትንሹ ላላ ማድረግ ነው፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ማገጃው አልቋል። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታች ነው፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ፤ ከላይ ከተሞላ አየር ይታፈናል። በየ100 የሥራ ሰዓቱ፣ ካልሆነም በዓመት አንዴ መቀየር አለበት። በዚያው ፕሮፔለሩን አውልቆ ክር መፈለግ ነው።

«ጨው የለውም» የሚለውም ቢሆን በሁሉም ሐይቅ እኩል አይሠራም። ዝዋይ ውሃው የሚታደሰው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ስለሚፈስ ነው፤ አብያታና ሻላ መውጫ ስለሌላቸው ሶዳ አጠራቅመዋል፣ ላንጋኖ መካከል ላይ ነው። ሶዳ ደግሞ የአሉሚኒየም እግርን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያሟሟል። እግሩ ላይ የሚታሰረው፣ በብረቱ ፈንታ እንዲበላ የተደረገው ቁራጭ ለባሕር ከዚንክ ይሠራል፤ ጨው አልባ ውሃ ላይ ግን ዚንኩ ቅርፊት ይይዝና ሥራ ያቆማል። ለዝዋይ ማግኒዥየም ይሻላል፣ ለላንጋኖ አሉሚኒየም።

የላንጋኖ ቡናማ ቀለም የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው። የማቀዝቀዣ ፓምፑን የጎማ ክንፍ ይፍቃል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከደከመ ሞተሩ ሳይግል ማጥፋት ያስፈልጋል።

ተረት፦ «አላይመንት ፋብሪካ ላይ አንዴ ተሠርቷል።»

ከኋላ ለሚሰቀል ሞተር ጥያቄው አይነሳም። ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ለሆነ ግን ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች በጊዜ ይሰምጣሉ፣ ሞተሩ ከዘንጉ ጋር ያለው መስመርም (አላይመንቱ) ይዛባል። እግር ባለው ዓይነት እግሩ ወልቆ፣ መለኪያ ዘንግ ጀልባው ላይ በቀረው ኩሽኔታ በኩል ወደ ሞተሩ ማያያዣ ይገባል፤ ያለ ግፊት ካልገባ የፊት መቀመጫዎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋሉ። በዓመት አንዴ፣ እግሩ በወለቀ ቁጥርም ይታያል። ያኔ በእግሩና በጀልባው መካከል ያለው የተሸበሸበ ጎማም በጣት እየተዘረጋ ይፈተሻል፤ እሱ ከተሰነጠቀ ኩሽኔታው ይበላል፣ ጀልባውም ሊሰምጥ ይችላል። እግር ሳይኖረው ረጅም የፕሮፔለር ዘንግ ያለው ጀልባ ደግሞ የሚለካው ውሃ ላይ እያለ ነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ሆዱ ቅርጹን ይቀይራልና። የሚገናኙት የሞተሩና የዘንጉ ፍላንጆች ስፋታቸው 10 ሳንቲሜትር ከሆነ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለበትም። ይህ በዓይን አይታይም፤ «በዓይኔ አስተካክለዋለሁ» ለሚል መካኒክ ጀልባ አይሰጥም።

ተረት፦ «የሞተር ሳይክል ዘይት ያው ነው።»

አይደለም። ለሁለት ምት የጀልባ ሞተር የሚሠራው ዘይት ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት አለው፤ አመድ አይተውም። ሌላው ካንዴላውን በአመድ ይደፍነዋል።

ተረት፦ «አዲሱ ሞተር ጉልበት የለውም፣ ተጭበርብሬያለሁ።»

ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ 15 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ካርቡሬተሩን ከመነካካት በፊት፣ በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መሞከር ይቀድማል።