የእንግዳ አይብ ገበታን በአበባ ማሰናዳት፦ ለመካኒሳና አካባቢው የወተት ላም አርቢ ሞዴል አርሶ አደሮች



በጾም ወራት ወተት ገዢ ያጣል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አይብና ቅቤ ይፈለጋል። በፋሲካ፣ በሰርግና በክርስትና ድግስ በአበባና በቅጠል አምሮ የቀረበ የአይብ ገበታ በላስቲክ ተቋጥሮ ከሚሸጥ አይብ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ነገር ግን አንድ እንግዳ ቢታመም የሚጠፋው የዕለቱ ገበያ ብቻ አይደለም፤ ስማችሁም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከውበቱ በፊት ጤናማነቱን እናስቀድም።

1. ከወተቱ ይጀምሩ

የጡት በሽታ ካለባት፣ በቅርቡ ካስወረደች ወይም መድኃኒት ከተወጋች ላም የታለበ ወተት ለአይብ አይውልም። መድኃኒት ለወሰደች ላም የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው የመታቀቢያ ቀን እስኪያልፍ ይጠብቁ። የመድኃኒቱ ቅሪት ሰውን ከመጉዳቱም በላይ ወተቱ እንዳይረጋ ያደርጋል።

2. እጅ የሚችለው ሙቀት አይበቃም

እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን ለስ ባለ እሳት እናሞቃለን። ብዙዎቻችን ሙቀቱን የምንለካው በእጃችን ነው። እጅ የሚችለው ሙቀት አይቡን ያረጋል እንጂ የውርጃ በሽታንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ተህዋሲያን አይገድልም። ስለዚህ አሬራውን እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሙቀው በዚያው ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም። ሙቀቱ 70 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ በአይቡ ይዘት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይመጣም። ከዚያ አቀዝቅዘው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። አጓቱን ለጥጃ ወይም ለሌላ እንስሳ መስጠት ይቻላል። በግምት ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ አይብ ይገኛል፤ ዋጋ ስትተምኑ ይህንንና የወጣውን ቅቤ አብራችሁ አስሉ።

በቢላ የሚቆረጥ አይብ ከፈለጉ ትኩስ ወተት እስከ 85 ዲግሪ ያሙቁ። ለ1 ሊትር ወተት 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በእኩል ውሃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ሲረጋ አጥልለው፣ ጨው ነስንሰው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከባድ ነገር ይጫኑበት።

3. የትኛው አበባ?

ከአይብ ጋር የሚገናኘው የሚበላ አበባና ቅጠል ብቻ ነው። ከጓሮአችሁ የጽጌረዳ ቅጠል፣ የበሶብላ አበባ፣ የዱባ አበባ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ይሆናሉ። ጤና አዳም ለአይብ የቆየ ወዳጅ ነው፤ ሆኖም ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች አይጨመርም።

የሚከተሉትን ግን ወደ ገበታው አታቅርቡ፦
• አስተናግር፣ ኦሊያንደርና የወፍ ቆሎ፤ መርዛማ ናቸው።
• ወደ ታች የሚንጠለጠለው የጡሩምባ ቅርጽ ያለው የግቢ አበባ፤ እሱም መርዛማ ነው።
• ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ። በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ የሚመረተው ጽጌረዳ የሚለማው ለጌጥ ስለሆነ ፀረ ተባይ ይረጫል።
• በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ የለማ ማንኛውም አበባና ቅጠል። ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል።

አደይ አበባ ለዓይን ብቻ ነው፤ በማሰሮ ሆኖ ከገበታው ጎን ይቀመጥ።

4. አሰነዳዱ

ሰፌዱን ወይም የእንጨት ገበታውን ታጥቦ በተወለወለ የኮባ ቅጠል ይሸፍኑ። መሐሉ ላይ ነጩን አይብ ይከምሩ። በአንድ ወገን በንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ የተለወሰውን፣ በሌላው ወገን የተቆረጠውን የሎሚ አይብ ይደርድሩ። ክፍተቱን በቆጮ፣ በድፎ ዳቦ ቁራጭና በትንሽ ስኒ ማር ይሙሉ።

አበባው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። በጠዋት ይቀጠፍ፤ ነፍሳቱ ይራገፉ፤ ዘንጉና መሐሉ ይውጣ፤ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይንጠፍጠፍ። እርጥብ አበባ አይቡን ያላላዋል። ነጭ አይብ ላይ ቀይ ጽጌረዳ፣ ቀላ ባለው ላይ አረንጓዴ ናና ያምራል። ሦስት ዓይነት ይበቃል፤ ሲበዛ አይቡ ይሸፈናል።

5. ጊዜውን ይጠብቁ

ከአይብ ክብደት 79 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። እስኪቀርብ ድረስ በማቀዝቀዣ፣ ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ። ከወጣ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ የተረፈውም ለነገ እንግዳ አይመለስ። ለደንበኛ ስትሸጡ የተሠራበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ።

በመጀመሪያ በቤታችሁ አንድ ገበታ ሞክሩ። በቀጣዩ የቡድን ውይይት ወጪና ገቢውን አስልታችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን አበባም ይዛችሁ ኑ። መብላት አለመብላቱን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አበባ ለወረዳ የግብርና ባለሙያ ሳታሳዩ ለእንግዳ አታቅርቡ።